ከደቦው ማግስት

አገራችን ለጋራ ሥራ የቃል ድሃ አይደለችም። ደቦ አለ፤ ጅጌ አለ፤ ወንፈል አለ። ከሩቅ ለሚያያቸው ሁሉም አንድ ይመስላሉ፤ ገበሬ ግን አይምታታበትም። ለደቦ ባለቤቱ ጠላውን ጠምቆ፣ እንጀራውን ጋግሮ ጎረቤቱን ይጠራል። ጎረቤትም ይመጣል፤ ያርማል፣ ያጭዳል፣ ይዘፍናል፣ ይበላል፣ ይጠጣል፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ባለቤቱን መርቆ ይበተናል። ወንፈል ግን ብድር ነው። ዛሬ አንተ ማሳ ላይ የዋልኩትን ቀን ነገ እኔ ማሳ ላይ ትውልልኛለህ። ድግሱ ቀርቶ ዕዳው ይታሰባል።

ይህን ልዩነት እስከ ወገቤ ውኃ ውስጥ ቆሜ አሰላስለው ዘንድ ያደረገኝ ጣና ነው።

እምቦጭን በስም የማያውቅ አንባቢ ዛሬ ይኖራል ብዬ አልገምትም። በመልክ ግን ያላየው ብዙ ነው። መቼም እውነት እውነት ነውና፣ አበባው ያምራል። ሐምራዊ ነው፤ ከመካከሉ ቢጫ ነጠብጣብ አለው፤ ከሩቅ ሲያዩት ሐይቁ ለበዓል የተነጠፈለት ይመስላል። ትውልዱ ከደቡብ አሜሪካ፣ ከአማዞን ወንዝ አካባቢ ነው። በዓለም ሁሉ የተዛመተውም በዚሁ ውበቱ ነው፤ ለጌጥ ብለው ከኩሬያቸው ያኖሩት ሰዎች ናቸው ያሰራጩት። በአገራችን በ1950ዎቹ ማብቂያ በቆቃ ግድብና በአዋሽ ወንዝ ታየ። ጣና ላይ መድረሱ የታወቀው በ2004 ዓ.ም. ገደማ ነው። ቅጠሉን የተሸከመው አንገት በአየር የተነፋ ስለሆነ አይሰጥምም፤ ሥሩም መሬት አይፈልግም፤ ውኃ ላይ ተንሳፎ ነፋስ ወደ ወሰደው ይሄዳል። ሙቀቱና ምግቡ ከተመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል። ዘሩ ደግሞ ጭቃ ውስጥ ተቀብሮ 15 ዓመትና ከዚያም በላይ መቆየት ይችላል። እንግዲህ ከእንዲህ ያለ ጠላት ጋር ነው በአንድ ቅዳሜ ልንገጥም የተነሣነው።

ዘመኑ 2010 ዓ.ም. ነበር፤ ወሩ ኅዳር። ሠላሳ ያህል ሰዎች በሁለት አውቶቡስ ተሳፍረን ሩዝ አብቃዩ የፎገራ ሜዳ ከሐይቁ ጋር ወደሚገናኝበት ዳርቻ ወረድን። ተማሪ አለ፤ የባንክ ሠራተኛ አለ፤ መምህር አለ፤ ነጭ ሸራ ጫማ አድርጎ የመጣ ጎረምሳም አለ። መዝሙር አለ፤ መፈክር አለ፤ ከሁሉ ከሁሉ ደግሞ ፎቶግራፍ አለ። ውኃው ውስጥ እንደገባን ግን ዘፈኑ ቀስ በቀስ ቀዘቀዘ። እምቦጭ ከላይ ሲያዩት ቅጠል ነው፤ ሲስቡት ግን ረጅም ጥቁር ጢም የመሰለ ሥሩ ውኃና ጭቃ አዝሎ ይመጣል። እርስ በርሱ ተቆላልፏልና አንዱን ስትስበው ሰፈሩ በሙሉ ይከተልሃል። ክንድ ይዝላል፤ ገላ ያሳክካል፤ አልቅት ከእግር ይጣበቃል። በቀትር ላይ ዞር ብዬ የጸዳውን ቦታ ባየው፣ ከአንድ መካከለኛ ግቢ አይሰፋም ነበር።

የአካባቢው ገበሬዎች ከኛ በፊት እዚያ ነበሩ። ከኛ በፊት ስል በዚያን ዕለት ማለዳ ብቻ ማለቴ አይደለም፤ ለሳምንታት ነው። ቋንቋቸው መንሽና ገመድ፣ ቃሬዛና ትከሻ ነው። እኛ ያወጣነውን እዚያው ውኃው ዳር ስንቆልለው እነሱ እያነሡ ራቅ ወዳለ ደረቅ መሬት ይወስዱት ጀመር። አንድ አዛውንት፣ «አባቴ፣ ይተዉት እንጂ፣ እኛ እናነሳዋለን» ብንላቸው ሳቅ ብለው፣ «ልጆቼ፣ ማዕበል ሲመጣ መልሶ ይወስደዋል። ከውኃው ዳር የተውነው አረም እንዳልተነቀለ ነው» አሉን። ደርቆ ካልተቃጠለ ወይም ርቆ ካልተቀበረ ከቁራጩ እንኳ እንደገና ይበቅላል።

ሲመሻሽ ልንሰናበታቸው ስንል እኚሁ አዛውንት፣ «እግዜር ይስጣችሁ፣ ደግሞ መቼ ትመጣላችሁ?» አሉ።

እርስ በርስ ተያየን። አንዱ፣ «እግዜር ያውቃል፣ አባቴ» አለ።

«እሱስ ያውቃል» አሉ፤ «ይህ አረም ግን ሰንበት አያውቅም። ሩዜም እንዲሁ ቆሞ ይጠብቀኛል» ብለው ወደ ማሳቸው አመለከቱ። ሩዙ ደርሷል። ወፍ ይወርድበታል፤ ይረግፋል። አጫጁ ግን ሐይቅ ውስጥ ነው።

ነገሩን ልብ በሉልኝ። እምቦጭ ክረምቱ ወጥቶ ጎርፉ ካወፈረው በኋላ፣ በመስከረም፣ በጥቅምትና በኅዳር ይንሠራፋል። ይህ ወቅት ገበሬው የዓመት ጉርሱን የሚሰበስብበት ነው። የሐይቁን ዳር ካልነቀለ ከብቱ የሚግጥበትና የሚጠጣበት፣ ጣንቋ የሚወጣበትና የሚገባበት፣ መረብ የሚጣልበት ስፍራ ይዘጋበታል። ከነቀለ ደግሞ እህሉ ይረግፍበታል። የሐይቁን ዕዳ ማን እየከፈለ እንደሆነ ለማወቅ ከዚህ በላይ ሒሳብ አያስፈልግም።

ለመሆኑ ዕዳው የማን ነው? እምቦጭ ብቻውን አልወፈረም። መገጭ፣ ርብ፣ ጉማራና ግልገል ዓባይ ከደጋው የተራቆተ መሬት አፈሩን እያጠቡ ወደ ጣና ያወርዳሉ፤ ከአፈሩ ጋር የማሳው ማዳበሪያ አብሮ ይወርዳል። የከተሞች ፍሳሽም ይጨመርበታል። አረሙ የሚመገበው ይህንኑ ነው። ቅዳሜ ከሐይቁ ወጥተን ከተማ ስንገባ የታጠብንበት ቆሻሻ ውኃ እሑድ ተመልሶ ወደዚያው የሚሄድ ከሆነ፣ በአንድ እጃችን እየነቀልን በሌላው እየቀለብን ነው ማለት ነው።

ጣና ሰፊ ነው፤ ከ3000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናል። ጥልቀቱ ግን እንደ ስፋቱ አይደለም፤ ከ15 ሜትር የሚዘልቅበት ቦታ ማግኘት ይቸግራል። በሌላ የዓለም ክፍል የማይገኙ 15 ያህል የዓሣ ዝርያዎች ይኖሩበታል። ዩኔስኮ በ2007 ዓ.ም. የብዝኃ ሕይወት ጥብቅ ስፍራ ብሎ መዝግቦታል። መዝገብ ግን ዘበኛ አይደለም። «ይህን የሚያህል ባሕር የት ይሄዳል?» የሚል ካለ ወደ ሐረርጌ ይመልከት። የሐረር ከተማ ትጠጣው የነበረው የሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ ማብቂያ ደርቆ ከብት ተሰማርቶበታል። ከዓመታት በኋላ ውኃው ሲመለስ ስንቱ ሰው ደስ እንዳለው እናውቃለን። ሐይቅ ሊሞት እንደሚችል፣ ሊድንም እንደሚችል ያየነው በአንድ ትውልድ ዕድሜ ነው።

እንዴት ይጠበቃል ለሚል ደግሞ ምሳሌው ከዚያው ከጣና አይርቅም። የዘጌን ደን ጀልባ ላይ ሆኖ ያየ ሰው አይረሳውም። በትውፊቱ አቡነ በትረ ማርያም በዘጌ ምድር እንዳይታረስ፣ ከብትም እንዳይረባ ከለከሉ ይባላል። ሕዝቡም ከቡናውና ከጌሾው ጋር ኖረ፤ ደኑም ቆመ። ዘጌን ያቆየው የአንድ ቀን ሆታ ሳይሆን አባት ለልጅ ያወረሰው የዕለት ተዕለት ደንብ ነው።

ዘመቻን ለማጣጣል አልተነሣሁም። ዘመቻ ባይኖር እኔም ሐይቁን ከመንገድ ዳር አይቼው ባለፍኩ ነበር። ነገር ግን ዘመቻ እንደ ደቦ ማግስት የለውም። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የአንድ ወር ዘመቻ ታውጆ ሕዝቡ እንደ ንብ ወጥቶ ነበር። በዚያው ወር ማብቂያ በሰሜን ጦርነት ተነሣ፤ የአገሩ ዓይንና ጆሮ ወደዚያ ዞረ። እምቦጭ ግን የሰውን ጠብ አልጠበቀም። ጭቃ ውስጥ የተኛው ዘርም የዕርቁን ቀን አይጠይቅም።

ስለዚህ ደቦውን ወደ ወንፈል እንለውጠው እላለሁ። ያ አዛውንት አንድ ቀን ሐይቁ ውስጥ ከዋሉ፣ ከከተማ የወረደው ጎረምሳ አንድ ቀን የእሳቸውን ሩዝ ይጨድ። አጨዳ ባይችል ነዶ ይሸከም፤ መሸከም ባይችል የሚያጭድ ሰው በቀን ሥራ ይግዛላቸው። አንድ ትምህርት ቤት፣ አንድ መሥሪያ ቤት፣ አንድ ዕድር ከዳርቻው አንዲት ቁራጭ ይያዝና በየወሩ ይመላለስባት። አረሙ ገና አሥር አበባ ሳለ አንድ ሰው በአንድ ሰዓት ይጨርሰዋል፤ ሜዳ ከሞላ በኋላ ሺህ ሰው ይጠራበታል። ቀድሞ የሚያይ ዓይን ደግሞ የሚኖረው ተመላልሶ የሚመጣ ሰው ብቻ ነው።

ይህ ዕዳ የባሕር ዳርና የጎንደር ሰው ብቻ እንዳይመስለን። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የጣና በለስ ጣቢያ ውኃውን የሚቀዳው ከዚሁ ሐይቅ ነው። አዲስ አበባ ላይ ማታ አምፖል የሚያበራ ሰው ጣና ለእሱ ሲሠራ መዋሉን ይወቅ። ዓሣ አጥማጁ፣ ጀልባ ነጂው፣ አስጎብኚው፣ ገዳማዊው፣ ከብት አርቢው ሁሉ ሐይቁን ብዙ ቀን አውለውታል።

ጣና ቀኑን አበድሮናል፤ አሁን ተራው የኛ ነው። የወንፈልን ሕግ ደግሞ ገበሬው ያውቀዋል፤ አልመልስም ያለ ሰው ማንም አይከሰውም፣ ማንም አይሰድበውም። በሚመጣው ዓመት ግን ማሳው ላይ ብቻውን ይውላል።