ማንጎውን ማን ያካፍል?

ቡናው እስኪፈላ የማሽላ ቆሎ እየቆረጠማችሁ ስሙኝማ። ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ስመርጥ ውዬ ቤት ስገባ፣ የስድስት ዓመቷ ልጄ ጣቴ ላይ ያለውን ቀለም አይታ ደነገጠች። በሳሙና ልታስለቅቀው ሞከረች፤ አልለቅ አላት። «ማንን መረጥሽ?» አለችኝ። «ምሥጢር ነው።» «እኔስ መቼ ነው የምመርጠው?» «18 ዓመት ሲሞላሽ።»

ይህን ብዬ ወደ ሥራዬ ሄድኩ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። አሥራ ሁለት ዓመት ዝም ብላ ጠብቃ፣ አንድ ቀን ካርድ ስትይዝ ምን ታውቃለች?

እኛ በምንኖርባት ቆቦ እኮ ለልጅ የሚያሳዩት አይጠፋም። በሆርማትና በጎሊና ወንዞች ጎርፍ ሲወርድ፣ ውሃውን ወደ ማሳ የሚያካፍለው ሰው በጎረቤት ገበሬ ፊት የታመነ መሆን አለበት። የላይኛው ማሳ ጠግቦ የታችኛው እንዳይደርቅ ተራ ያስጠብቃል። ልጄን «ለወንድሙ በሌሊት ውሃ የሚለቅ ሰው በከርሞ ይደገም?» ብዬ ብጠይቃት መልሱ አይጠፋትም።

ምርጫን ለልጅ ለማሳየት የቀበሌ ምክር ቤት ምርጫም ይሻል ነበር። በ2000 ዓ.ም. የአንድ ቀበሌ ምክር ቤት ወንበር 300 ደርሶ ስለነበር፣ ልጅ የሚያውቃት ጎረቤት ተመራጭ ልትሆን ትችል ነበር። እርግጥ በብዙ ቦታ ተፎካካሪ አልነበረም፤ አንድ ብቻ ቀርቦ መምረጥ ደግሞ መምረጥ አይባልም። የመጨረሻው የአካባቢ ምርጫ ሚያዝያ 2005 ዓ.ም. ተካሄደ፤ ቀጣዩ በ2010 ሊሆን ሲገባው ተራዘመ። በዚያ መካከል የተወለዱት የእኛ ልጆች ሳያዩት አደጉ። ትምህርት ቤትም የክፍል አለቃ ሲመረጥ፣ ልጆቹ እጅ የሚያወጡት የመምህሩን ፊት እያዩ ነው።

እናም ምርጫን በግቢያችን ሞከርነው። ማንጎ አካፋይ ይመረጥ አልኩ። ሁለት ልጆች ቀረቡ፤ ለአንደኛው ነጭ ማሽላ፣ ለሌላዋ ቀይ። ሰባቱም የግቢው ልጆች ተራ በተራ ከበሩ ኋላ እየገቡ አንዳንድ ፍሬ ጣሳ ውስጥ ጣሉ። ስንቆጥር ነጩ አምስት፣ ቀዩ ሁለት። አሸናፊው ወዲያው ትልቁን ማንጎ ለራሱ አስቀረ። ማንም አልጮኸም።

በሳምንቱ ዳግም ተመርጦ ጣሳውን ስንገለብጥ አንዲት ነጭ ፍሬ ብቻ ወጣች።