የድምፅ ማጉያው ዋጋ

ውድ ዕቃ የገዛ ሰው ዋጋውን እንዲጠይቁት ይወዳል። ምንም እንኳ «ተወኝ፥ አቃጥሎኛል» እያለ ቢያማርር፥ የሚያማርረው ጎረቤት ሁሉ እንዲሰማው ድምፁን ከፍ አድርጎ ነው። ዳሩ ግን ያው ዕቃ ከጥቂት ወራት በኋላ ረክሶ ሲገኝ ያ ሰው ምን እንደሚሆን ብዙ ጊዜ አይነገርም። ይህ ነገር በኛ ላይ ስለ ደረሰ፥ ያፈርንበትንም ሳንደብቅ ለአንባብያን ልንተርከው ወደናል።

የምናስተምረው በገረሴ ነው። ከአርባ ምንጭ ቆላ፥ ከአባያና ከጫሞ ሐይቆች ሙቀት ተነሥቶ ወደ ጋሞ ደጋ የሚወጣ መንገደኛ ገረሴ ሳይደርስ ገና በመኪናው ውስጥ ጋቢውን መፈለግ ይጀምራል። አገሩ የገብስና የእንሰት አገር ነው፤ ጉሙም ሳይጠሩት እስከ ደጃፍ ይመጣል። በዚያ ብርድ ማታ ማታ በቤታችን የምንሰማው አንድ ትንሽ ራዲዮ ብቻ ነበር፤ እርሱም ዝናም ሲዘንም ከጣቢያው ይልቅ ዝናሙን ያሰማን ነበር።

በ2007 ዓ.ም. ዐሥራ ሁለት ሆነን ዕቁብ እንጥል ነበር። እያንዳንዱ በወር 1,200 ብር ስለሚጥል ዕጣ የወጣለት ሰው 14,400 ብር ይወስዳል። በሰኔ ወር ዕጣው ለአንድ መምህር ባልንጀራችን ወጣ። እኛ ደግሞ በዚያው ሰሞን አርባ ምንጭ ወርደን፥ በአንድ ሱቅ ውስጥ አንድ ዴክ ከሁለት ረጃጅም ድምፅ ማጉያዎች ጋራ አይተን ልባችን እዚያው ቀርቶ ነበር። ዋጋው 14,000 ብር ነው። ለመስቀል መድረስ አለበት ብለን ቈረጥን። በጋሞ መስቀል ምን እንደሆነ ለማያውቅ አንባቢ፥ ሰው ዓመት ሙሉ የበሬ ገንዘብ የሚያጠራቅምለት፥ ሸማኔውም ከአዲስ አበባ ሥራውን አቋርጦ ወደ ትውልድ ቀዬው የሚመለስበት በዓል ነው ብንለው ይበቃዋል። ስለዚህ ወደ ባልንጀራችን ሄደን ዕጣውን እንዲለቅልንና የኛ ሲወጣ እርሱ እንዲወስድ ለመንነው። ጥቂት ዝም አለና «እኔም እንዲህ ያለውን ዕቃ ለመግዛት ዐስቤ ነበር፤ ይሁን፥ እናንተ ቅደሙ፤ ልጆቹ ይደሰቱበት» አለን።

ዕቃው በአንድ አይሱዙ ላይ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ወጣ። ሰፈሩም ወዲያው ስም አወጣለትና «ሞንታርቦው» አለው። ሞንታርቦ የአንድ የኢጣልያ ፋብሪካ ስም ሆኖ ሳለ፥ ባገራችን ለማናቸውም ትልቅ ድምፅ ማጉያ መጠሪያ ሆኖ ቀርቷል። መስቀል በደረሰ ጊዜ የደጋው ሰዎች ድምፅ በድምፅ ላይ እየደረቡ የሚዘፍኑትን የቡድን ዘፈን አንድ ተማሪ በስልኩ ቀድቶ አምጥቶ በፍላሽ አሰማን። ሽማግሌዎቹ የራሳቸውን ድምፅ ከሳጥኑ ውስጥ ሲሰሙ ሳቃቸውን መግታት አልቻሉም። «ስንት ገዛችሁት?» ይሉናል፤ «ዐሥራ አራት ሺሕ» እንላለን። ያን ቃል ስንት ጊዜ እንደ ተናገርነው አልቈጠርነውም፤ ከዘፈኑ ሁሉ ግን ይልቅ ይጥመን የነበረው እርሱ ነው።

በኅዳር 2008 ዓ.ም. የኛ ዕጣ ወጣና ባልንጀራችን ገንዘቡን ወሰደ። አርባ ምንጭ ወርዶ፥ ከዚያው ሱቅ፥ ያንኑ ዕቃ በ10,500 ብር ገዛው። ያለ ሽቦ ከስልክ ጋራ የሚገናኝ አዲስ ዓይነት ስለ መጣ ነጋዴው አሮጌውን መጨረስ ፈልጎ ኖሯል። ባልንጀራችን ደስታውን ሊያካፍለን በዚያው ምሽት ወደ ቤታችን መጣ። በአፋችን «እንኳን ደስ አለህ» አልነው። በማግሥቱም ለመመረቅ የሄድን መስለን ዕቃውን ገልብጠን መረመርነው፤ አስመስሎ የተሠራ ቢሆን ብለን ነው። ፋብሪካው አንድ፥ ቍጥሩ አንድ፥ የብሎኖቹ ብዛት እንኳ አንድ ሆኖ ተገኘ።

3,500 ብር! በጊዜው ሁለት የመስቀል በግ ይገዛ ነበር። ወደ አርባ ምንጭ ወርደን ነጋዴውን ልዩነቱን እንዲመልስልን በጠየቅነው ጊዜ፥ «እመልሳለሁ፤ እናንተም መስቀልን የሰማችሁበትን መልሱልኝ» አለን። በሱቁ የነበረ ሰው ሁሉ ሳቀብን።

በዓለም ላይ እንዲህ ያለ ቅሬታ የደረሰበት ትልቅ ኩባንያ እንኳ መኖሩን ያነበብነው ኋላ ነው። አፕል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2007 በ599 ዶላር መሸጥ የጀመረውን አይፎን በመስከረም ወር ወደ 399 ዶላር ቢያወርደው፥ ቀድመው የገዙት ሰዎች በቍጣ ተነሡ፤ ኃላፊው ስቲቭ ጆብስም ግልጽ ደብዳቤ ጽፎ ለእያንዳንዳቸው በኩባንያው ሱቅ የሚገዙበት 100 ዶላር ሰጠ። ይኸው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2018 በ349 ዶላር ያወጣውን ሆምፖድ የተባለ የቤት ድምፅ ማጉያ በዓመቱ 299 ዶላር አደረገው። የኛ ነጋዴ ደብዳቤ አልጻፈልንም።

በውነቱ ግን ምን ጐደለብን? ራይስና ኬሎግ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1925 ከሠሩት ወዲህ የድምፅ ማጉያ ሥራ በመሠረቱ ብዙ አልተለወጠም፤ የመዳብ ጥምጥም በመግነጢስ መካከል ይንቀጠቀጣል፥ የወረቀቱም ሾጣጣ አብሮት እየተንቀጠቀጠ አየሩን ይገፋል። ዋጋው በወረደ ጊዜ መግነጢሱ አልደከመም። እኛ ግን ዴኩን አጥፍተን በላዩ ጨርቅ ጣልንበት። ማታ ከባልንጀራችን ቤት ያው ድምፅ ሲመጣ መስኮት እንዘጋለን። ዕጣውን የለቀቀልንን ሰው እንደ ዘረፈን አድርገን ቈጠርነው፤ ሰላምታችንም አጠረ። የቤታችን እመቤት ይህን አይታ አንድ ማታ «ሦስት ሺሕ አምስት መቶው እርሱ አምስት ወር በዝምታ የተቀመጠበት ነው» አለችና ጨርቁን ገፍፋ ዴኩን ከፈተችው። እርቃችን የተጀመረው ከዚያ ነው፤ ባልንጀራችን ቂማችንን ዐውቆት እንደሆነ እስከ ዛሬ አልነገረንም።

ያልተካሰው ሌላ ነው። በዚያው በቂማችን ሰሞን አንድ ወጣት መምህር መጥቶ «በ10,500 ሊሸጥልኝ ነው፤ ልግዛው ወይ?» ብሎ አማከረን። ገረሴ ውስጥ ሦስተኛ እንዳይኖር ፈልገን «አትግዛ፤ ድምፁ ይሰነጠቃል፥ ዓመትም አይቈይም» አልነው። ልጁም ዐመነን። በጥቅምት 2010 ዓ.ም. የብር ዋጋ በ15 ከመቶ ዝቅ ተደረገ፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ደግሞ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሆነ። ዛሬ እንኳን 10,500፥ ያለቀስንለት 14,000 ብር ስጦታ ይመስላል።

ያ መምህር ዕቃውን ሳይገዛ ቀርቷል። በየመስቀሉ ወደ ቤታችን እየመጣ፥ ከድምፅ ማጉያው ፊት ለፊት ባለው በርጩማ ላይ ተቀምጦ ይሰማል። «የናንተስ ዕድለኛ ነው፤ እስከ ዛሬ አልተሰነጠቀም» ይለናል። እኛም ተነሥተን ድምፁን ጥቂት ከፍ እናደርግለታለን።