ዘር ገዝቶ ዝም አይባልም፦ በስልክ ኮሌጅ ስለሚማሩ ልጆቻችን

ዛሬ ስለ ማዳበሪያም ስለ ዋግም አይደለም የምጽፈው። ስለ ትምህርት ነው። ግን አትለፉት፤ የከብት ዋጋ የሚበላ ጉዳይ ነው።

በየቀበሌው በኦንላይን ኮሌጅ የሚማሩ ልጆች እየበዙ ነው። እኔም አንዱ ነኝ። በዲፕሎማ ተመርቄ ሥራ ገባሁ፣ አሁን ዲግሪዬን በስልክ እየተማርኩ ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ቀን ማሳ ላይ፣ ማታ ሞጁል ላይ ነኝ። በዚህ ጊዜ አንድ ነገር ገብቶኛል። የገጠር ልጅ ትምህርቱን የሚያቋርጠው ብዙ ጊዜ ጭንቅላት አንሶት አይደለም። "የት ደረስክ?" የሚለው ሰው አጥቶ ነው።

እናንተ ይህን ታውቁታላችሁ። ምርጥ ዘር አከፋፍዬ ብጠፋና እስከ አጨዳ ባልመጣ ባለሙያ ትሉኛላችሁ? አትሉኝም። በመስመር ተዘራ ወይ፣ አረሙ ደረሰ ወይ፣ ቅጠሉ ቢጫ ሆነ ወይ ብሎ መጠየቅ ነው ሥራው። በኮሌጅም እንዲህ የሚከታተል ሰው አለ፤ የትምህርት አማካሪ ይባላል። ብዙ ተማሪ ግን አማካሪ እንዳለው እንኳ አያውቅም።

እኔ የመጀመሪያውን ዓመት ያለ አማካሪ ነው የጨረስኩት። ክፍያውን ከፈልኩ፣ ሞጁሉ በቴሌግራም መጣ፣ ከዚያ ጭጭ። በሁለተኛው ዓመት አንዲት መምህርት ደወለችልኝ። ሦስት ነገር ጠየቀችኝ፦ ሥራ የሚበዛብህ በየትኛው ወር ነው? ኔትወርክ የምታገኘው የትና ስንት ሰዓት ነው? ዲግሪውን ምን ልታደርግበት ነው? እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ኅዳርና ታኅሣሥ አጨዳና ውቂያ ነው ስላት ለዚያ ሴሚስተር ከተመዘገብኳቸው አምስት ኮርሶች ሁለቱን ወደ ሌላ ጊዜ አዛወረችልኝ። "ይዘገያል እንጂ አይቀርም" አለችኝ። አሳይመንት ቀኑ ሳይደርስ ሦስት ቀን ቀደም ብዬ፣ ሌሊት ኔትወርኩ ቀለል ሲል እንድልክ፣ "ደርሷል" የሚለውንም ፎቶ አንስቼ እንዳስቀምጥ ነገረችኝ። ቀላል ነገር ነው፤ ግን እስካሁን ያቆመኝ እሱ ነው።

አማካሪ ያላገኘችውን ልጅ ደግሞ ልንገራችሁ። አንድ ጎረቤታችን ጊደር ሸጠው ልጃቸውን በኦንላይን አስመዘገቡ። ልጅቷ ጎበዝ ናት። በአንድ ኮርስ አሳይመንቷ ኔትወርክ ተቋርጦ ሳይደርስ ቀረ፣ ውጤቷም "ያልተሟላ" ተብሎ ተያዘ። በኮሌጁ ደንብ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ካልተስተካከለ ወደ ኤፍ ይቀየራል። ይህን የነገራት የለም። ኤፉን ስታይ "አልችልም ማለት ነው" ብላ ስልኩን አስቀመጠች። ወሬው ሲሰማ ሽማግሌ ተላከ። አባቷ እኔን፣ "ልጄ፣ ጊደሬን ሸጬ ምን አተረፍኩ? ብድራት እንጂ!" አሉኝ።

ከልጅቷ ጋር ሆነን ሬጅስትራር ደወልን። ስልኩ የተነሳው በአራተኛው ቀን ነው። ኤፉ አልተነሳም። ግን ኮርሱን ደግማ መውሰድ እንደምትችል፣ የቀሩት ውጤቶቿም እንዳሉ መሆናቸውን ሰማች፤ የአማካሪዋንም ስም አገኘች። አማካሪ ነበራት ማለት ነው! አሁን ኮርሱን እየደገመች ነው። ሽማግሌዎቹን አባቷ "ትንሽ ቆዩ" ብለዋቸዋል። ምን እንደሚሆን አላውቅም። ቀድሞ አንድ ስልክ ተደውሎላት ቢሆን ግን ነገሩ እዚህ ባልደረሰ ነበር።

ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይባል የለ? ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ፦

1. ፈቃድ፦ ኮሌጁ ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ፈቃድ አለው ወይ? "አለን" ማለት ብቻ አይበቃም። ልጃችሁ ለሚማረው ትምህርት፣ ያውም በኦንላይን ለመስጠት የተፈቀደ መሆኑን አረጋግጡ።

2. አማካሪ፦ ስሙ ማን ነው? ስልኩስ? በየትኛው ቀንና ሰዓት ይገኛል? መልስ ከሌለ እግራችሁን ሰብሰብ አድርጉ።

3. የኮርስ ብዛት፦ በአጨዳና በአረም ወራት ኮርስ መቀነስ ይቻላል ወይ? ኮርስ ለመጣል የመጨረሻው ቀን መቼ ነው?

4. የመውጫ ፈተና፦ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በመጀመሪያ ዲግሪ ለመመረቅ የመውጫ ፈተና ተፈትኖ ከመቶ 50 እና በላይ ማምጣት ግድ ነው። ፈተናው በኮምፒውተር ነው የሚሰጠው። በስልክ ብቻ የተማረ ልጅ ማውስ ሳይነካ ፈተና እንዳይገባ ቀድማችሁ ወረዳ ከተማ ልምምድ አስይዙት።

ወላጆች፣ እናንተም አማካሪ ናችሁ፤ ለዚህ ፊደል መቁጠር አያስፈልግም። "ትምህርት እንዴት ነው?" ካላችሁ መልሱ "ደኅና" ነው። "የዚህ ሳምንት አሳይመንት መቼ ነው የሚገባው? ላክሽው ወይ?" በሉ። ማታ ሁለት ሰዓት ከሥራ ነጻ አድርጓት። የሶላሩ ቻርጅም መጀመሪያ ለእሷ ስልክ ይሁን።

እኔ ቅዳሜ ከገበያ መልስ አርሶ አደር ማሠልጠኛው ጋ እገኛለሁ። በስልክ የሚማር ልጅ ያላችሁ ስልኩንና የምዝገባ ወረቀቱን ይዞ ይምጣ። አማካሪው ማን እንደሆነ አብረን ደውለን እንጠይቃለን። ለሚመለከተው ሰው ሼር አድርጉለት።

በሚቀጥለው ወደ ስንዴ ዋግ እንመለሳለን። እስከዚያው ማሳችሁን እየዞራችሁ እዩ። ቸር ይግጠመን።