ጥንዚዛው ከተነሣባት ከተማ

ካውናስ የሊትዌኒያ ሁለተኛ ትልቅ ከተማ ናት። ኔሙናስና ኔሪስ የተባሉት ወንዞች አሮጌው ሰፈር ጫፍ ላይ ይገናኛሉ፤ መኪና የማይገባበት የላይስቬስ ጎዳና በዛፍ ጥላ ሥር ከአንድ ኪሎ ሜትር ተኩል በላይ ይዘልቃል። እንግዳ የሚመጣው ይህን ለማየት ነው። እኔን የጠራኝ ግን አንድ ቀንዳም ጥንዚዛ ነበር።

ቭላዲስላቭ ስታሬቪች እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1882 ሞስኮ ተወልዶ እዚህ ካውናስ አደገ። ነፍሳት ይወድ ነበር። በ1910 ወንድ ጥንዚዛዎች በቀንዳቸው ሲታገሉ ፊልም ሊቀርጻቸው ፈለገ። የሌሊት ፍጥረታት ናቸውና መብራቱ ሲበራባቸው እየፈዘዙ አስቸገሩት። እሱም የሞቱትን ወስዶ እግራቸውን በሽቦ ተካ፤ ሽቦውን በሰም ከገላቸው ጋር አያያዘ። ጥቂት አንቀሳቅሶ አንድ ምስል ያነሣል፤ እንደገና ጥቂት አንቀሳቅሶ ሌላ ያነሣል። ፊልሙ ሲሽከረከር ሙታኑ ተነሥተው ተፋለሙ። ከዚያ በኋላ የሠራቸውን የነፍሳት ፊልሞች ያዩ አንዳንድ ሰዎች ጥንዚዛዎቹን የሠለጠኑ አድርገው ገምተዋቸዋል።

በላይስቬስ ጎዳና ላይ የታዳስ ኢቫናውስካስ የእንስሳት ሙዚየም አለ። ነፍሳቱን ከመስታወቱ ባሻገር ሳይ አንድ ነገር በራልኝ፦ ጥንዚዛ አጥንቱን የሚሸከመው በውጭ ነው። መገጣጠሚያው ሁሉ ይታያል፤ ሽቦው የት እንደሚገባ ራሱ ያሳያል። ጸጉር የለበሰ እንስሳ ግን አጽሙን ይደብቃል። አሻንጉሊት ሠሪው ያላየውን አጥንት ማወቅ አለበት።

በከተማው በግል ወርክሾፓቸው አሻንጉሊት የሚሠሩ አንዲት አዛውንት ተቀበሉኝ። በመጀመሪያ የጠየቁኝ ስለ መሣሪያ አልነበረም። «የትኛውን እንስሳ በደንብ ታውቃለህ?» አሉኝ። «ጅብ» አልኳቸው። ፊታቸው በራ።

ጅቡን በጎኑ፣ አሻንጉሊቱ በሚኖረው ልክ መጠን ወረቀት ላይ ሣልነው፤ አጥንቱንና መገጣጠሚያውን በሥዕሉ ላይ ለየን። የጅብ ምሥጢር ትከሻው ላይ ነው። የፊት እግሮቹ ከኋላዎቹ ይረዝማሉ፤ ጀርባው ወደ ዳሌው ያዘቀዝቃል፤ አንገቱ ረጅምና ወፍራም ነው። «ይህን ከሳትክ የምትሠራው ውሻ ነው» አሉኝ እርሳሳቸውን ትከሻው ላይ አሳርፈው።

አጽሙ ለስላሳ የአሉሚኒየም ሽቦ ነው። የብረት ሽቦ ሲታጠፍ መልሶ ይነጥራል፤ አሉሚኒየም ባስቀመጡት ይቀራል። ሁለት ሽቦዎችን፣ አንዱን ጫፋቸውን በፒንሳ፣ ሌላውን በትራፓኖ ይዘን አከረርናቸው። አጥንት በሚሆነው ቦታ ላይ ተቀላቅሎ የሚደርቅ ኢፖክሲ ለበጥን፤ ጉልበት፣ ክርንና አንገት ግን ባዶ ሽቦ ሆነው ቀሩ። በየመዳፉ ውስጥ ዳዶ ቀበርን፤ ከጠረጴዛው ሥር የሚወጣ ቡሎን ሲይዘው ጅቡ በሁለት እግሩ እንኳ ይቆማል። ሽቦ ደጋግሞ ሲታጠፍ ስለሚሰበር እግሮቹ ተነቅለው እንዲተኩ አደረግናቸው። ትልልቆቹ ስቱዲዮዎች በሽቦ ፋንታ በቡሎን የሚጠብቅ የብረት ድቡልቡል መገጣጠሚያ ይጠቀማሉ።

ጭንቅላቱ ከቀላል እንጨት ተቀረጸ፤ ከከበደ አንገቱን ቀስ በቀስ ያጎነብሰዋል፣ ካሜራውም ይህን አያልፍም። ጡንቻው በመቀስ የተቀረጸ ስፖንጅ ነው። ዓይኑ ዶቃ ነው፤ ቀዳዳው ብሌን ይሆናል፣ የመርፌ ጫፍ ሲገባበትም ዓይኑ ይዞራል።

ጸጉሩ ላይ ብዙ ቆየን። በ1933 ለወጣው ኪንግ ኮንግ ፊልም ማርሴል ዴልጋዶ የገነባው ጎሪላ የጥንቸል ጸጉር ለብሶ ነበር፤ አንቀሳቃሾቹ በነኩት ቁጥር ጸጉሩ ይዛነፍ ስለነበር በስክሪን ላይ እንደተነፈሰበት ይርገበገባል። እኛ አጭር ጸጉር ያለው ጨርቅ መረጥን፤ ከእያንዳንዱ ምስል በፊትም በአንድ አቅጣጫ እናበጥረዋለን።

ከዚያ ጅቡ ካሜራው ፊት ቆመ። አንድ ሰከንድ 24 ምስል ነው፤ አንዱን አቋም ሁለት ጊዜ ካነሡት ደግሞ 12 እንቅስቃሴ ይበቃል። እግሩን ላነሣ እጄን ስዘረጋ አዛውንቷ ያዙኝ። «አስቀድሞ ክብደቱን ወዴት ያዛውረዋል?» እውነት ነው፤ ጅብ ክብደቱን ወደ ሌሎቹ እግሮቹ ሳያዛውር አንዱን አያነሣም። ትከሻውን ዝቅ አደረግሁ፣ አንገቱን ወደ ጎን አዘነበልኩ፣ ከዚያ በኋላ መዳፉ ተነሣ። ምስሎቹ ሲጫወቱ ያ ሽቦና ስፖንጅ መሬቱን እያሸተተ መጣ። ጮክ ብዬ ሳቅሁ፤ እሳቸውም ሳቁ።

ስታሬቪች በኋላ ፈረንሳይ ገብቶ ከልጁ ከኢሬን ጋር ጥንታዊውን የቀበሮ ተረት ሙሉ ፊልም አድርጎታል። ከጥንዚዛ የተነሣው እጅ ቀበሮና አንበሳ ጋ ደረሰ ማለት ነው። ተረት በእንስሳ የሚናገርባት የእኛ አገርስ? አያ ጅቦና እመት ጦጢት እስካሁን በአያቶች አፍ ይኖራሉ። ሽቦው፣ ስፖንጁ፣ ዳዶውና ዶቃው መርካቶ ሞልቷል፤ ካሜራው በየኪሳችን ባለው ስልክ ውስጥ አለ። ጅብ ሲራመድ አጥርቶ ያየ የገጠር ልጅ ከሥራው ከባዱን ክፍል ይዞታል። የቀረውን በአንድ ጠረጴዛ ላይ መማር ይቻላል፤ ዛሬውኑ ይጀመር።