ወለዱ የማን ነው?

በዘጠናዎቹ ዓመታት ዋሽንግተን አካባቢ የነበርን ሐበሾች ጃንዋሪ ሲገባደድ ሐሳባችን ሁሉ የፖስታ ሣጥን ላይ ነበር። የዓመቱን ደመወዝና የተቆረጠውን ታክስ የሚያሳየው ወረቀት፣ ደብልዩ ቱ፣ የደረሰ ዕለት ታክስ ለማሠራት ሩጫ ነው። ፓርኪንግ የሚሠራው፣ ሆቴል አልጋ የምታነጥፈው፣ ኤርፖርት የሚያድረው፣ ሁሉም አንዲት ጠባብ ቢሮ ደጃፍ ይሰለፋል። ታክስ የሚሠሩልን ጋሼ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ላይ ዝቅ አድርገው ይደምራሉ፣ ይቀንሳሉ፤ በመጨረሻ አንዷን ቁጥር በእርሳስ ከበው ወረቀቱን ያዞሩልሃል።

“ይኸው፣ መንግሥት ይህን ያህል ይሰጥሃል።”

“እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ!”

የተሰጠህ የራስህ ገንዘብ ነው፤ ማን ልብ ብሎት።

ሪፈንድ የምንለው ይህ ተመላሽ ገንዘብ ዳጎስ እንዲል ዘዴም ነበረን። አዲስ ሥራ የጀመረ ሰው የታክስ መቁረጫውን ቅጽ፣ ደብልዩ ፎርን፣ ሲሞላ ቀድመው የመጡት “ዜሮ በል” ብለው ይመክሩታል። ዜሮ ካለ ከየደመወዙ በርከት ተደርጎ ይቆረጥበታል፤ በዓመቱ ተጠራቅሞ ይመለስለታል። ዳኛው አጎት ሳም፣ ማለትም የአሜሪካ መንግሥት፣ የሆነ ዕቁብ ነበር፤ ልዩነቱ ዕጣው ቀድሞ የማይወጣ፣ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ የሚደርስ መሆኑ ነው።

ቼኩ እስኪመጣ መጠበቅ ላቃተው ደግሞ “ፈጣን ሪፈንድ” ነበረለት። ስሙ ሪፈንድ ይባል እንጂ ነገሩ በሪፈንዱ መያዣነት የሚሰጥ የባንክ ብድር ነው። ክፍያው ከላዩ ተቀንሶ ቀሪው ይሰጥሃል። የራሳችንን ገንዘብ ለማግኘት ወለድ ከፍለናል ማለት ነው። ባንኮቹ ከዚህ ንግድ የወጡት እ.ኤ.አ. በ2012 ገደማ ነው።

ዛሬ ሪፈንዱ በቀጥታ ባንክ ይገባል፤ የት እንደደረሰ ከስልክ ይታያል። የወረቀት ቼኩም ከሴፕቴምበር 2025 ማብቂያ ጀምሮ እየቀረ ነው። ወለዱም ፊቱን አዙሯል፤ የታክስ መሥሪያ ቤቱ አይ አር ኤስ በሕግ ከተሰጠው 45 ቀን ካሳለፈ በየቀኑ የሚባዛ ወለድ ይከፍልሃል። በ2024 ዓመቱን ሙሉ 8 በመቶ ነበር። በ2020 በኮሮና ምክንያት የታክስ ማስገቢያው ቀን ወደ ጁላይ 15 ሲገፋ፣ ወለዱ ከኤፕሪል 15 ጀምሮ ታስቦ ወደ 13.9 ሚሊዮን ለሚጠጉ ሰዎች ተላከ። በአማካይ 18 ዶላር! ያልጠየቁት ገንዘብ የደረሳቸው “ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?” እያሉ ተደዋወሉ።

በቀጣዩ ዓመት መልሱ መጣ። ወለዱ ገቢ ነው፤ ታክስ ይከፈልበታል።

45 ቀኑም ቢሆን ለአይ አር ኤስ ብቻ ነው። አንተ ዕዳ ካለብህ ኤፕሪል 15 ካለፈ ወለዱ አንድ ቀን እንኳ አይታገስህም። ዓመቱን ሙሉ ከደመወዝህ በትርፍ የተቆረጠው ደግሞ በሕጉ ኤፕሪል 15 ላይ እንደተከፈለ ስለሚቆጠር፣ እስከዚያ ድረስ በነጻ ያበደርከው ነው።

ደብልዩ ፎር በ2020 ተለውጦ ያ ዜሮ የሚጻፍበት ቦታ ቀርቷል። ተጨማሪ ቁረጡልኝ የሚባልበት መስመር ግን አለ፤ ልጆቻችንም አግኝተውታል። በየፀደዩ ሲገናኙ “ስንት መጣልህ?” ይባባላሉ። “ስንት ቆረጡብህ?” ብሎ የሚጠይቅ እስካሁን አልሰማሁም።