«ዝናብ የለም» ያልንበት ምሽት



ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ «መስጂድ ውስጥ በኮምፒውተር የዝናብ ካርታ እየከፈቱ መናገር ገይብ እናውቃለን ማለት አይሆንም ወይ?» ብላችሁ ደጋግማችሁ ጠይቃችሁናል። መልሱን ከማምጣታችን በፊት የራሳችንን ጥፋት እንንገራችሁ።

የዛሬ ዓመት ኅዳር ላይ ነው። የመስጂዱ ላፕቶፕ ላይ ፓኖፕሊ የሚባል ሶፍትዌር ጭነን ነበር። ናሳ ውስጥ የተሠራ ነው፤ በነፃ ይገኛል፣ ጃቫ ካለው ኮምፒውተር ላይ ይሠራል። ራሱ አይተነብይም፤ የአየር ሁኔታ ሞዴል አስልቶ ያወጣውን ፋይል ከፍቶ በቀለም ካርታ ያሳያል እንጂ። ፋይሉን የምናወርደው ጂ ኤፍ ኤስ ከተባለው የአሜሪካ ሞዴል ነው፤ በቀን አራት ጊዜ ይወጣል። ካርታው ሲያምር ለጉድ ነው። ከመግሪብ እስከ ዒሻ ደረሶቹ ዙሪያችንን ከበው «የመካን አሳዩን፣ የደሴን አሳዩን» ይሉናል።

አንድ ምሽት አንድ አባት መጡ። ጤፋቸው ታጭዶ ማሳ ላይ ነው። «ልጆቼ፣ ይኼ ነገር ምን ይላል? ልከምረው ወይስ ትንሽ ይድረቅ?» አሉን። አየን። ወሎ ላይ ካርታው ነጭ ነው። «አባባ፣ እስከ ሦስት ቀን ዝናብ የለም» አልናቸው። ኢንሻአላህ እንኳ አላልንም።

በሁለተኛው ሌሊት ዘነበ። ጤፉ ራሰ፤ ከፊሉ በቀለ፣ የቀረውም ጠቆረ። ሱብሂ ላይ እኚያ አባት መጥተው እንደ ወትሮው ፊተኛው ሰፍ ላይ ቆሙ። አንድም ቃል አልተናገሩንም። ቢቆጡን ይሻለን ነበር። ሸኻችን ነገሩን ሲሰሙ «በመጀመሪያ ሄዳችሁ አፉ በሉን በሏቸው፣ ከዚያ የት እንደተሳሳታችሁ ፈልጉ» አሉን። ሄድን፤ ነዶውን ሲያገላብጡ አብረን ዋልን።

ከዚያ ፍለጋው ጀመረ። ፓኖፕሊ ላይ ቀለሙን የሚያለሰልስ ምርጫ አለ። እሱን ስናጠፋው ያ ውብ ካርታ ትላልቅ ካሬዎች ሆኖ ቀረ። የአንዱ ጎን 28 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ ደግሞ ወደ 1,850 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው፤ በአየር መስመር ግን ከ15 ኪሎ ሜትር በታች ነው የሚራራቁት። ስለዚህ ሁለቱ አንድ ካሬ ውስጥ ሊወድቁ ይችላሉ፣ ካሬው ደግሞ የሚያውቀው አንድ ከፍታ ብቻ ነው። የእኛን ሸንተረር ከየት አምጥቶ ይወቀው?

ሁለተኛው ነገር ግን የበለጠ አስደነገጠን። በ1961 ኤድዋርድ ሎሬንዝ የተባለ የኤም አይ ቲ ተመራማሪ አንድ ትንሽ የአየር ሞዴል በኮምፒውተር ሲደግም 0.506127 የነበረውን ቁጥር 0.506 ብሎ አስገባ። ቡና ጠጥቶ ሲመለስ ውጤቱ ከቀድሞው ጋር ፈጽሞ አይገናኝም። በ1963 ነገሩን በሦስት ቀመሮች አሳጥሮ አሳተመው።

ይህን ኤክሴል ያለው ሁሉ መሞከር ይችላል። ሦስት አምድ ትከፍታላችሁ፤ ሦስቱም ከ1 ይጀምራሉ። የአንደኛው ለውጥ፦ ከሁለተኛው ላይ አንደኛውን ቀንሶ በ10 ማባዛት። የሁለተኛው፦ ከ28 ላይ ሦስተኛውን ቀንሶ በአንደኛው ማባዛት፣ ከዚያ ሁለተኛውን መቀነስ። የሦስተኛው፦ አንደኛውን በሁለተኛው አባዝቶ የሦስተኛውን 8/3 መቀነስ። እያንዳንዱን ለውጥ በ0.01 አባዝታችሁ ከቀድሞው ቁጥር ጋር ትደምሩና እስከ 3,000 ረድፍ ወደ ታች ትጎትቱታላችሁ። አንደኛውንና ሦስተኛውን አምድ በግራፍ ስታወጡ ክንፏን የዘረጋች ቢራቢሮ ትመጣለች።

ከዚያ ሁለተኛ ስሌት አስጀመርን፤ ከ1 ይልቅ ከ1.0001 ብቻ። መጀመሪያ ሁለቱ መስመሮች ተደራርበው አንድ ይመስላሉ። ታች ሲወርዱ አንዱ ቀኝ ክንፍ ላይ ሲዞር ሌላው ግራው ላይ ነው። አንድ ትንሽ ደረሳ «ታዲያ ትክክለኛው የትኛው ነው?» አለን። ዝም አልን።

ወደ ጥያቄያችሁ እንመለስ። በሱረቱ ሉቅማን መጨረሻ አላህ ብቻ ከሚያውቃቸው ነገሮች ጋር የዝናብ መውረድ ተጠቅሷል። በሑደይቢያም ሌሊት ዝናብ ከጣለ በኋላ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ዝናቡን ለአላህ ችሮታ የሰጠውንና ለኮከብ የሰጠውን ለይተው አስተምረዋል። ደመና አይቶ «የሚዘንብ ይመስላል» የሚል ገበሬ ግን ገይብ አውቃለሁ አላለም፤ ምልክት አይቶ ግምቱን ተናገረ። ሞዴሉም ከዚህ አያልፍም። የፀሐይ መውጫን ብታዩ ከዓመታት በፊት አስልተን የሶላት ሰሌዳ ላይ እናትመዋለን፤ ዝናብ ላይ ግን በ0.0001 ልዩነት መንገድ እንስታለን። የእኛ ጥፋት ካርታ መክፈታችን አልነበረም። ግምቱን እንደ እውቀት አድርገን መናገራችን ነበር።

ትላልቆቹ የትንበያ ማዕከላት ይህን ያውቁታል። ከ1992 ጀምሮ መነሻውን ትንሽ ትንሽ እየቀያየሩ ሞዴሉን ብዙ ጊዜ ያስኬዳሉ፤ የአሜሪካው አሁን 31 ጊዜ ነው። ፋይሉ ከባድ ነው፣ ኢንተርኔቱም ሁልጊዜ አይፈቅድም። ሲፈቅድ ግን አውርደን ስንቱ ዝናብ እንዳሳየ እንቆጥራለን። የምንናገረውም ቁጥሩን ብቻ ነው።

ዘንድሮ በአጨዳ ሰሞን እኚያው አባት ተመልሰው መጡ። ይመጣሉ ብለን አላሰብንም ነበር።

«ስንቱ ይዘንባል አለ?»

«ከ31ዱ አምስቱ፣ አባባ። አላህ ነው የሚያውቀው።»

ትንሽ አሰቡና «እንግዲያው ልከምረው» ብለው ሄዱ።

ያን ሌሊት አልዘነበም። ሱብሂ ላይ ስናገኛቸው ስለ ዝናቡ ምንም አላነሱም፤ እንዳምናው።

ወሏሁ አዕለም።