ከአያት እስከ አራዳ

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. በተቆረቆረች ጊዜ አስቀድሞ ጎዳናዋ ተቀይሶ፥ ኋላ ቤቷ የተሠራላት ከተማ አልነበረችም። መኳንንቱ በየኮረብታው ላይ ሰፈሩ፤ በየመኳንንቱም ዙሪያ ወታደሩና አሽከሩ ጎጆውን ቀለሰ፤ ከሰፈር ወደ ሰፈር የሚያደርሰውም የእግርና የበቅሎ መንገድ ገደሉን እየዞረ፥ ወንዙ የሚሻገርበትን መልካ እየፈለገ ይሄድ ነበር። ደጃች ውቤ ሰፈር፥ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ የሚባሉት ስሞች የዚያ ዘመን ምስክሮች ናቸው። ከእንጦጦ የሚወርዱት ቀበናን፥ ግንፍሌንና ቀጨኔን የመሰሉት ወንዞችም ከተማይቱን ከሰሜን ወደ ደቡብ ስለሚቆራርጧት፥ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚጓዝ ሰው በድልድይ መሻገር ግድ ይሆንበታል። አንዱ ድልድይ በተዘጋ ጊዜ ሁለተኛው በአጠገቡ አይገኝም። እንግዲህ በዚህች ከተማ ተለዋጭ መንገድ ማለት ብዙ ጊዜ አንድ ሸለቆ ሙሉ መዞር ማለት እንደ ሆነ መንገደኛው ሁሉ ያውቀዋል።

ይህን ማንሣታችን፥ ጧት ከቤት ወጥቶ ማታ እስኪመለሱ ድረስ መንገድን ማሰብ ዛሬ እንደ ቀለብና እንደ ገበያ ከቤት አስተዳደር ሥራ አንዱ ስለ ሆነ ነው። ቀድሞ አባትየው በእግሩ ከሥራው ይደርስ፥ ልጁም ከሰፈሩ ትምህርት ቤት ይማር፥ እናትየውም ደወል ሰምታ ነጠላዋን አጣፍታ ትወጣ ነበር። አሁን ግን ቤቱ በአያት፥ ሥራው በሜክሲኮ፥ የልጆቹ ትምህርት ቤት በመገናኛ፥ የንስሐ አባቱ በአራዳ የሆነ ቤተሰብ ጥቂት አይደለም። ስለዚህ ከብዙዎቹ ጉዞዎች አንዱን መርጠን፥ ከአያት ተነሥቶ አራዳ ጊዮርጊስ የሚያደርሰውን፥ 15 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆነውን መንገድ በልዩ ልዩ ቀንና በልዩ ልዩ ሰዓት ሄደን ያየነውን ለአንባብያን እናቀርባለን።

የመጀመሪያው መንገድ በሲኤምሲና በጉርድ ሾላ አድርጎ መገናኛ የሚገባው ነው። ሰፊ ነው፤ ቀጥ ያለም ነው። ነገር ግን የባቡሩ ሐዲድ በመካከሉ ታጥሮ ስለሚሄድ፥ ወደ ማዶ መሻገር የፈለገ ባለመኪና እስከሚቀጥለው ማዞሪያ ድረስ መሄድ አለበት። ከፊት አንድ መኪና ቢበላሽ ወይም ሁለቱ ቢነካኩ የሚወጣበት ቀዳዳ የለውም፤ ነገሩ እስኪታይ ድረስ ሰልፉ ወደ ኋላ ይረዝማል። በዚህ መንገድ ከጧቱ 12 ሰዓት ላይ ተነሥተን በግማሽ ሰዓት ውስጥ መገናኛ ደረስን። በዚያው ሳምንት 1 ሰዓት ተኩል ላይ በተነሣን ጊዜ ግን ከእጥፍ በላይ ፈጀብን። መንገዱ ያው ነው፤ መኪናውም ያው ነው፤ የተለየው ሰዓቱ ብቻ ነው። በአዲስ አበባ የርቀት መለኪያው ኪሎ ሜትር ሳይሆን ሰዓት መሆኑን በዚህ ተረዳን።

ሁለተኛው ከአያት ወደ ሰሜን ወጥቶ በካራ፥ በኮተቤና በላምበረት የሚመጣው ነው። ይህኛው ጠበብ ይላል፤ ክፍለ ሀገር የሚሄዱ አውቶቡሶችም በላምበረት ስለሚወጡና ስለሚገቡ በማለዳ ይጨናነቃል። ሆኖም ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚያስገቡ የውስጥ ለውስጥ መንገዶች አሉት፤ ታክሲ ነጂዎቹም አንዳንዱን አጥር ለአጥር የሚሄድ መተላለፊያ ሳይቀር ስለሚያውቁት ሲጨንቃቸው ይገቡበታል። ሰፈሩን ለማያውቅ ግን አይመከርም። እኛ በአንዱ ገብተን ለቧንቧ ከተቆፈረ ጉድጓድ አፋፍ ላይ ደረስን፤ ጉድጓዱ መኖሩን የሚያመለክት ከአንድ ድንጋይና ከአንድ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ በቀር ምልክት አልነበረም። በክረምት ውኃ ሲሞላበት ምን እንደሚመስል ለማሰብ አያስቸግርም።

ሦስተኛው ባቡሩ ነው። ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚሄደው መስመር መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ ከአያት ተነሥቶ ጦር ኃይሎች የሚደርሰውም በዚያው ዓመት ተከተለው። ሁለቱ በአንድነት 34 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናሉ። ባቡሩ ከመኪና ሰልፍ ውስጥ ስለማይገባ፥ ከተሳፈሩ በኋላ መቼ እንደሚደርሱ ለመገመት ከሁሉም ይሻላል። ችግሩ መሳፈሩ ላይ ነው። ከገቡት 41 ባቡሮች ብዙዎቹ በመለዋወጫ ዕቃ ዕጦት መቆማቸው በየጊዜው ተነግሯል፤ በጧትና በማታ አንዱ ሞልቶ ሲያልፍ ሌላውን መጠበቅ የተለመደ ሆኗል። ሕፃን የያዘች እናት ወይም ሽማግሌ በዚያ ሰዓት ባይሞክሩት ይበጃል። እኛ ከረፋዱ 4 ሰዓት ላይ ተሳፍረን ተቀምጠን ሄድን፤ ለገሀር ወርደንም በቸርችል ጎዳና ሽቅብ ወደ አራዳ በእግራችን ወጣን። ዳገቱ ለጉልበት ይከብዳል እንጂ መንገዱ ያማረ ነው።

በመኪና የመጣ ሰው ግን፥ በሲኤምሲም ይምጣ በኮተቤ፥ መገናኛ ላይ መድረሱ አይቀርም። ስሙ እንደሚለው ሁሉም የሚገናኝበት ነውና፥ ችግሩም ሁሉ የሚገናኘው እዚያ ነው። ከምሥራቅ የመጣው ወደ ቦሌ፥ ወደ ሃያ ሁለት፥ ወደ ሾላ ይበተናል፤ ከዚያ ሁሉ የመጣውም ወደ ምሥራቅ ይጎርፋል። ማታ ከ11 ሰዓት ጀምሮ የታክሲ ተሳፋሪው ሰልፍ እየተጠማዘዘ ሲረዝም ላየው ሰው፥ ተራ አስከባሪዎቹ ድምፃቸው አለመዘጋቱ ያስደንቃል። ከመገናኛ ወዲያ በሾላ፥ በየካ ሚካኤል፥ በቀበና አድርጎ አራት ኪሎ ይገባል፤ ከአራት ኪሎም በራስ መኮንን ድልድይ ወደ ፒያሳ ይወጣል። እነዚህ ሁለት ድልድዮች፥ ቀበናና ራስ መኮንን፥ የዚህ ጉዞ ጉሮሮ ናቸው።

በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት የተባለው ሥራ ሲጀመር ይህ ጉሮሮ እንዴት እንደ ነበረ የከተማው ሰው አይረሳውም። ከፒያሳ እስከ አራት ኪሎ፥ ከአራት ኪሎም በመስቀል አደባባይ አድርጎ እስከ ቦሌ ድረስ የመንገዱ ዳርና ዳር ፈረሰ፤ ሌሊትና ቀን ተቆፈረ። ትናንት የታለፈበት መንገድ ዛሬ ተዘግቶ ይገኝ ነበር። አሁን በተፈጸመው ክፍል የእግረኛው መንገድ ሰፊና የተስተካከለ ሆኗል፤ የብስክሌት መሄጃም ተለይቶለታል፤ ማታም በመብራት ደምቆ ይታያል። ከአራት ኪሎ ፒያሳ በታክሲ ከመጠበቅ በእግር መሄድ ይቀድማል፤ ለዓይንም ደስ ይላል። ይህን ማመስገን ተገቢ ነው። ነገር ግን በዚያው ሥራ ምክንያት ከፒያሳና ከካዛንቺስ ተነሥተው ወደ ከተማው ዳርቻ የሄዱት ሰዎች፥ ያን የተዋበ የእግረኛ መንገድ ለመርገጥ አስቀድመው ሁለት ታክሲ መያዝ እንዳለባቸው ሳይጠቀስ መታለፍ የለበትም። ሥራውም ወደ ሌሎች ሰፈሮች እየተዛወረ ስለ ቀጠለ፥ የዛሬው አቋራጭ ለሚቀጥለው ወር ዋስትና አይሆንም።

ሰዓቱን ካወቁ በኋላ ቀኑን ማወቅ ይከተላል። በዚህ ረገድ የእኛ ቤተሰቦች ከሌላው መንገደኛ የተሻለ ዕውቀት አላቸው፤ የመንገዱ መጨናነቅ ግማሹ በግድግዳቸው ላይ በተሰቀለው ባሕረ ሐሳብ ተጽፏልና። ወር በገባ በ12 በየካ ሚካኤል፥ በ22 በኡራኤል፥ በ23 በአራዳ ጊዮርጊስ፥ በ27 በቦሌ መድኃኔ ዓለም በኩል የሚያልፍ ሰው ጧት ምእመናን ከቅዳሴ ሲወጡ መንገዱ ነጭ ለብሶ ያገኘዋል። መስከረም 16 ለደመራ መስቀል አደባባይና ወደ እርሱ የሚያስገቡት መንገዶች ይዘጋሉ። ጥር 10 ከቀትር በኋላ ታቦታቱ ወደ ጃን ሜዳ ሲወርዱ ስድስት ኪሎና አካባቢው በመኪና የሚታለፍ አይደለም፤ ጥር 11ም፥ ለቅዱስ ሚካኤል ጥር 12ም እንዲሁ። በኅዳር ታላቁ ሩጫ፥ በየካቲት የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች ስብሰባ አለ። የበዓላት ዋዜማ ደግሞ በግና ዶሮ ይዞ የሚሄደው ሰው ስለሚበዛ ከቀትር በኋላ ከቤት አለመውጣት ነው። ፖሊስም የሚዘጉትንና የሚተኩትን መንገዶች በበዓሉ ዋዜማ በራዲዮና በቴሌቪዥን ስለሚያስነግር፥ ያን አድምጦ መተኛት ለጧቱ ትልቅ ዕረፍት ነው። በሐምሌና በነሐሴ ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ መንገዱ ይቀላል፤ መስከረም ሲጠባ ግን ከቀድሞው ብሶ ይመለሳል።

በአያት የጋራ መኖሪያ ቤቶች የሚኖሩ፥ ከሰባ ዓመት በላይ የሆናቸው አንዲት እናት ይህን ሁሉ ከእኛ አብልጠው እንደሚያውቁት ተረዳን። ተወልደው ያደጉት ፒያሳ ነው፤ የሰፈራቸው ቤቶች በ2016 ዓ.ም. ሲፈርሱ ከልጃቸው ጋር ወደዚህ መጡ። በወር በወሩ የቅዱስ ጊዮርጊስን ጽዋ የሚጠጡበት ማኅበር አላቸው። ማኅበርተኞቹ አሥራ ሁለት ነበሩ፤ ሁሉም ከአንድ ደወል በታች ይኖሩ ነበር። የሚቀጥለው ተረኛ ጽዋውን ተቀብላ ስትሄድ ሌሎቹ እየዘመሩ እስከ ደጇ ይሸኟት ነበር፤ ከአንዱ አጥር ወደ ሌላው ነውና ሩቅ አልነበረም። ዛሬ አንዷ በገላን ጉራ፥ ሁለቱ በጀሞ፥ ሌሎቹም በየአቅጣጫው ተበትነዋል።

«እማማ፥ ታዲያ ማኅበሩ እንዴት ሆነ?» ብለን ጠየቅናቸው።

«ልጆቼ፥ መጀመሪያ ሊቀር ነበር» አሉን። «ከቀትር በኋላ ስንሰበሰብ ሰው ማታ መመለሻ እያጣ ሦስቱ ቀሩ። አንዲቷ እኅታችን ሌሊት በ4 ሰዓት ቤቷ ገብታ ባሏ ተቆጣት፤ እሱስ ምን ያድርግ? ኋላ ተነጋገርንና ከ23 ቀጥሎ በሚመጣው እሑድ፥ ቅዳሴ እንደ ወጣ አደረግነው። እሑድ ጧት መንገዱ የእግዚአብሔር ነው፤ ማንም የለበትም። እስከ 6 ሰዓት ጨርሰን እንበተናለን።»

ለራሳቸው ለ23ቱ ቅዳሴ ግን ሌላ ዘዴ አላቸው። በ22 ከቀትር በፊት፥ ሰው ሁሉ በየሥራው ሳለ፥ ባዶ በሚሆነው ታክሲ ቀበና ከእኅታቸው ልጅ ቤት ገብተው ያድራሉ። ሌሊት ተነሥተው ከዚያ በእግራቸው በአራት ኪሎ አድርገው አራዳ ይደርሳሉ። በአዲሱ የእግረኛ መንገድ ላይ ደክሟቸው የሚያርፉበት መቀመጫ መደረጉን ሲነግሩን ፊታቸው በራ። ሲመለሱም ከ3 ሰዓት በኋላ ወደ ምሥራቅ የሚሄደው መንገድ እስኪለቅ ጠበል ጠጥተው፥ ከድሮ ጎረቤት ተጨዋውተው ይቆያሉ።

ጽዋውን በታክሲ መውሰድ አልተመቻቸውም። ከሰው ጉልበት መካከል ተይዞ፥ ረዳቱም «ዕቃው ይከፈልበታል» እያለ መሄዱ ያሳፍራቸዋል። ስለዚህ ከማኅበርተኞቹ የአንዷ ልጅ መኪና ስላለው በየወሩ እርሱ እንዲያደርስ ተስማምተዋል። አሁን ጽዋው በእርሳቸው ቤት ነው፤ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ከሥዕሉ ሥር ተቀምጦ አየነው። የሚመጣው ተረኛ የገላን ጉራዋ ናት። ልጁ በመስቀል አደባባይ አድርጎ በቃሊቲ ልውረድ ቢል እርሳቸው እንቢ ብለዋል። በጎሮ ወደ ቱሉ ዲምቱ በሚወስደው መንገድ ዞሮ፥ መሐል ከተማ ሳይገባ፥ እሑድ 3 ሰዓት ላይ እንዲነሣ አዘውታል። ጠላውን ቅዳሜ ማታ ያጠሉታል።